የዴስክቶፕ ፕሮግራምን ወደ ስልክ ስለማሻገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፕሮግራሙ ለዓመታት ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ሲሠራ ኖሯል። አንድ ቀን ተጠቃሚው ይደውልና «ይሄ ነገር ስልኬ ላይ የማይከፈተው ለምንድን ነው?» ይላል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እንዲህ የተደወለላቸው ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አስተያየት ገብቶበታል፤ ሁሉም ፕሮግራመር ላይስማማ ይችላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ብጨምርበት ፕሮግራሜ እንዳለ ስልክ ላይ ይከፈታል?

ሊከፈት ይችላል። ሰው ይጠቀምበታል ወይ? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ፕሮግራምን እንደ ቤት ብናየው ጓዳና ሳሎን አለው። ጓዳው የሚያሰላው፣ ፋይል የሚያነበው፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገረው ኮድ ነው። ሳሎኑ ሰው የሚያየው ነው፤ መስኮቱ፣ ሜኑው፣ በተኑ፣ ሰንጠረዡ። ላይብረሪዎች ጓዳውን ብዙም ሳይነኩ ያሻግሩላችኋል። የሳሎኑ ዕቃ ግን በስልኩ በር አያልፍም። ለሰፊ ስክሪን የተሠራ ባለ 14 ዓምድ ሰንጠረዥ መዳፍ በምታህል ስክሪን ላይ ሲወጣ የሚያነበው የለም።

ስለዚህ ላይብረሪ ከመምረጣችሁ በፊት ኮዱን ክፈቱና ጓዳውና ሳሎኑ ተለያይተው እንደሆነ እዩ። ሒሳቡ የተጻፈው በተን ሲነካ በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ ከሆነ አልተለያዩም ማለት ነው። አብዛኛው የቆየ ፕሮግራም እንዲህ ነው። የእኔም እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያው ሥራ እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ሁለቱን መለየት ነው። ይሄ ሳይሠራ የሚመረጥ ላይብረሪ ሁሉ የተሳሳተ ይመስላል።

የትኛው ላይብረሪ ይሻላል?

በዝና አይመረጥም። ፕሮግራሙ በምን ቋንቋና በምን መሣሪያ እንደተጻፈ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ቀጣዮቹን ጥያቄዎች በየቋንቋው ከፋፍያቸዋለሁ። የእናንተ ያልሆነውን እያለፋችሁ አንብቡ።

በሲ ፕላስ ፕላስና በኪዩት የተጻፈ ፕሮግራም አለኝ።

ዕድለኛ ናችሁ። ኪዩት በ1995 ኖርዌይ ውስጥ የወጣ የፕሮግራም መሥሪያ ላይብረሪ ሲሆን ከ5.2 ቨርዥን ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 መጨረሻ ወዲህ፣ አንድሮይድንና አይኦኤስን (የአይፎኑን ሲስተም) በይፋ ይደግፋል። ኮዱ ዊንዶውስን ብቻ የሚመለከቱ ጥሪዎች ከሌሉበት ለስልክ ኮምፓይል ማድረግ (ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ መለወጥ) የሚያስፈራ አይደለም።

ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኪዩት ውስጥ ስክሪን የሚሠራባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የድሮዎቹ ዊጄቶች (ዝግጁ በተኖችና ሳጥኖች) ለማውስ የተሠሩ ናቸው። ስልክ ላይ ይከፈታሉ፤ ነገር ግን በተኖቹ ለጣት ያንሳሉ፣ ዝርዝሩን ማንሸራተትም ጎርበጥ ይላል። ሁለተኛው ኪዩት ክዊክ ነው፤ ስክሪኑ ኪውኤምኤል በሚባል የስክሪን መግለጫ ቋንቋ ይጻፋል፤ ከጀርባ ያለው ሲ ፕላስ ፕላስ ይቀጥላል። ለስልክ የሚመከረው ይሄ ነው። በሌላ አነጋገር ጓዳው ይቀራል፣ ሳሎኑ በአዲስ ይሠራል።

ጥሩ ማሳያ ክሪታ ነው። ይህ የሥዕል ፕሮግራም በኪዩት የተሠራ ነው፤ አንድሮይድ ላይም ደርሷል። አዘጋጆቹ ግን ያወጡት ለታብሌትና ለክሮምቡክ ነው። ስክሪኑ ለስልክ እንደማይሆን ያውቁታል። እኔ ይሄን እንደ ድክመት አላየውም። አንዳንድ ፕሮግራም ታብሌት ላይ ቢቆም ይሻለዋል።

ጌም ወይም የራሱን ስክሪን የሚስል ፕሮግራም ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ኤስዲኤል የሚባል ላይብረሪ አለ። ሳም ላንቲንጋ በ1998 የጀመረው ሲሆን መስኮት መክፈትን፣ ድምፅን፣ ጆይስቲክን፣ ኪቦርድንና የጣት ንክኪን በአንድ ዓይነት ጥሪ ያስተናግዳል። በ2013 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ አንድሮይድንና አይኦኤስን ይደግፋል። ሦስተኛው በ2025 መጀመሪያ ወጥቷል። አዲስ ሥራ የሚጀምር ከሦስተኛው ይጀምር።

ጌም ከቢሮ ፕሮግራም ይልቅ በቀላሉ ይሻገራል። ምክንያቱም ጌሙ ድሮውንም የራሱን በተን ራሱ ነው የሚስለው፤ ከዊንዶውስ የተዋሰው ሜኑና ሰንጠረዥ የለውም። የሚያስቸግረው ግራፊክሱ ነው። የድሮው ኦፕንጂኤል፣ ማለትም ለግራፊክስ ካርዱ ትእዛዝ የሚሰጥበት መንገድ፣ ስልክ ላይ የለም፤ ያለው ኦፕንጂኤል ኢኤስ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ነጥብ በነጥብ እየጠሩ መሳል የሚለው የጥንቱ ስልት እዚያ አይሠራም። አፕል ደግሞ በ2018 ኦፕንጂኤል ኢኤስን ወደ ጡረታ መንገድ አስገብቶ የራሴን ሜታልን ተጠቀሙ ብሏል። እስካሁን ይሠራል፤ የረጅም ጊዜ ዕቅድ የሚጣልበት ግን አይደለም። አንግል የሚባለው ላይብረሪ የኦፕንጂኤል ኢኤስን ጥሪ ወደ ሜታልና ቩልካን ወደሚባለው አዲስ የግራፊክስ መንገድ ይተረጉማል። ሞልተንቪኬ ደግሞ ቩልካንን በሜታል ላይ ያስኬዳል። ሁለቱም ብዙ ድካም ያድናሉ።

በሲ ሻርፕ፣ በዊንፎርምስ ወይም በደብሊውፒኤፍ የተሠራ ነው።

ጓዳው ሲ ሻርፕ በሚሠራበት በዶትኔት በቀላሉ ይሻገራል። ዊንፎርምስና ደብሊውፒኤፍ የሚባሉት የስክሪን መሥሪያዎች ግን ከዊንዶውስ አይወጡም። ያሉት አማራጮች ማዊ፣ አቫሎኒያና ኡኖ ናቸው።

ማዊ በ2022 የወጣ የማይክሮሶፍት ሥራ ነው፤ የዛማሪን ወራሽ ነው። የዛማሪን ድጋፍ በግንቦት 2024 ስላበቃ የድሮ መማሪያ አግኝታችሁ በዚያ እንዳትጀምሩ። አቫሎኒያ ደግሞ በአጻጻፉ ደብሊውፒኤፍን ይመስላል። ከ11ኛው ቨርዥን ጀምሮ፣ ከ2023 ወዲህ፣ ስልክንም ይደግፋል። ደብሊውፒኤፍ ለለመደ ሰው ወደ አቫሎኒያ መሄድ ሠፈር እንደመቀየር እንጂ አገር እንደመቀየር አይደለም። ዊንፎርምስ ላይ ላለ ግን ሁሉም እኩል ሩቅ ናቸው፤ ስክሪኑ ከዜሮ ይሠራል።

ዴልፊስ?

የዴልፊ ነባሩ የስክሪን ላይብረሪ ቪሲኤል ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይብረሪው ፋየርመንኪ ግን በ2011 መጣ፤ ከ2013 ወዲህ አይኦኤስንም አንድሮይድንም ይደግፋል። ቋንቋው ያው ፓስካል ስለሆነ ጓዳው ይሄዳል። ፎርሞቹ ስማቸው ተመሳሰለ ብላችሁ ኮፒ አድርጋችሁ እንደምትለጥፉ አትጠብቁ፤ የፋየርመንኪ በተንና የቪሲኤል በተን ሞክሼዎች እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም።

አንድሮይድ ጃቫ ይጠቀም የለ? የስዊንግ ፕሮግራሜ ዝም ብሎ መሥራት ነበረበት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አንድሮይድ የጃቫን ቋንቋ ይጠቀማል እንጂ የጃቫን ዴስክቶፕ አልወሰደም። የዴስክቶፕ ስክሪን የሚሠራባቸው ስዊንግም ኤደብሊውቲም እዚያ የሉም። የስሌቱ ክፍል በአብዛኛው እንዳለ ይሠራል፤ ስክሪኑ አይሠራም።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በሌላው የጃቫ ስክሪን መሥሪያ በጃቫኤፍኤክስ ከሆነ ግሉዎን የተባለው ድርጅት ለአንድሮይድና ለአይኦኤስ የሚያዘጋጅ መሣሪያ አለው። ወደ ኮትሊን ቋንቋ መሻገር ለማይከብደው ደግሞ ኮምፖዝ መልቲፕላትፎርም አለ። የአይኦኤሱ ክፍል በ2025 ለምርት ዝግጁ ተብሏል። አንድ ስክሪን ለዴስክቶፕም፣ ለአንድሮይድም፣ ለአይፎንም ያገለግላል።

በፓይተን ጽፌያለሁ።

ፓይተን ከ3.13 ቨርዥን ጀምሮ፣ ከ2024 ወዲህ፣ አንድሮይድንና አይኦኤስን በይፋ ከሚደግፋቸው መድረኮች ውስጥ አስገብቷል። የፓይተን የስክሪን መሥሪያ ቲኪንተር ግን ስልክ ላይ የለም። በእሱ ምትክ ኪቪ ወይም የቢዌር ቤተሰብ የሆነው ቶጋ ይገባል። ኪቪ በተኖቹን ራሱ ይስላል፤ በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል። ቶጋ የስልኩን የራሱን በተን ይጠቀማል።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትጠቀሙባቸውን ጥቅሎች አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። በንጹህ ፓይተን የተጻፈ ጥቅል ችግር የለበትም። ውስጡ የሲ ኮድ ያለበት ግን ለስልክ ተብሎ የተዘጋጀ ቅጂ ከሌለው ራሳችሁ ኮምፓይል ልታደርጉት ነው። እሱ ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ይበላል።

ኤሌክትሮን ቢሆንስ?

ዌብ ገጽን የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚያደርገው ኤሌክትሮን ራሱ ስልክ ላይ አይሄድም። ስክሪኑ ግን ዌብ ስለሆነ ዌብን የስልክ አፕ በሚያደርገው በካፓሲተር ውስጥ ይገባል። የሚቀረው የኖድ ክፍል ነው፤ ፋይል የሚጽፈውንና ሌላ ፕሮግራም የሚጠራውን ሁሉ በስልኩ ፕለጊን መተካት ያስፈልጋል። ታውሪም አለ፤ በ2024 መጨረሻ ላይ የወጣው ሁለተኛው ቨርዥኑ ስልክን ይደግፋል። እዚያ ግን ጓዳው ወደ ረስት ቋንቋ ይዞራል።

ሶርስ ኮዱ ጠፍቷል። ያለኝ ኤግዚ ፋይል ብቻ ነው።

እንግዲህ ፖርት ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ማሻገር፣ የሚባለው አበቃለት። የዴስክቶፕ ኤግዚ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ለኤክስ86 ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ነው፤ ስልኩ ያለው አርም ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሌላ ሲስተም ላይ የሚያስኬደው ዋይን የዊንዶውስን ጥሪዎች ይመልሳል እንጂ የፕሮሰሰሩን ቋንቋ አይተረጉምም። ለትርጉሙ ቦክስ64 የመሰለ ነገር ይጨመርበታል። አንድሮይድ ላይ ሁለቱን አጣምረው የድሮ ጌም የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ለራስ መዝናኛ ጥሩ ነው፤ ለደንበኛ የሚሰጥ ግን አይደለም። አይፎን ላይ የባሰ ነው፤ አፕል ተራ አፖች እየሄዱ አዲስ የማሽን ኮድ እንዲፈጥሩ አይፈቅድም፤ ትርጉም ደግሞ ፍጥነት የሚያገኘው በዚያ ነው።

የሚሻለው ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ ትቶ ስክሪኑን በሪሞት ዴስክቶፕ ከስልክ ማየት ነው። አስቀያሚ ነው፤ ግን ዛሬውኑ ይሠራል።

ስክሪኑን ከየት ልጀምር?

ሜኑውን በመርሳት። ዴስክቶፕ ላይ 60 ትእዛዝ ያለው ፕሮግራም ስልክ ላይ ከ6 ወይም ከ7 በላይ አያስፈልገው ይሆናል። ሰውየው መንገድ ላይ ቆሞ ምን ሊያደርግበት ነው? ያንን ብቻ አምጡ።

ከዚያ የመጠን ጉዳይ አለ። የአፕል መመሪያ አንድ የሚነካ ነገር ቢያንስ 44 በ44 ነጥብ ይሁን ይላል። የአንድሮይዱ 48 በ48 ዲፒ ነው። አንድ ዲፒ ማለት ባለ 160 ነጥብ በኢንች ስክሪን ላይ አንድ ፒክስል ነው፤ ስክሪኑ ሲጠራ ዲፒው በዚያው ልክ ብዙ ፒክስል ይይዛል። ስለዚህ ኮድ ውስጥ በፒክስል የተጻፈ ቁጥር ካለ ከአሁኑ አውጡት።

ማውስ ብቻ የሚችላቸውን ነገሮችም ፈልጉ። ጠቋሚው ላዩ ላይ ሲያርፍ ብቅ የሚል ማብራሪያ ጣት ላይ የለም። በቀኝ በተን የሚከፈት ሜኑ ወደ ረጅም ንክኪ ይቀየራል፤ ተጠቃሚው ግን መኖሩን ካላወቀ አይነካውም። ኪቦርድ ሲወጣ የስክሪኑ ግማሽ ገደማ ይሸፈናል፤ «አስቀምጥ» የሚለው በተን ከሥሩ ከተደበቀ ስድቡ ለእናንተ ነው።

ተጠቃሚዎቼ የጻፉት ጠፋብን ይላሉ። ዴስክቶፑ ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

እኔንም ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም ነበረኝ። ዳታውን የሚያስቀምጠው መስኮቱ ሲዘጋ ነበር። ዴስክቶፕ ላይ ሰው መስኮት ይዘጋል፣ ፕሮግራሙ «ላስቀምጥ?» ይላል፣ ነገሩ ያልቃል። ስልክ ላይ ግን ሰው አፕ አይዘጋም። ስልክ ይደወልለታል፣ ያወራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ረስቶት ይውላል። በዚህ መሀል ስልኩ ሜሞሪ ሲያጥረው አፑን ሳይጠይቅ ይገድለዋል። የእኔ ፕሮግራም የመዝጊያውን ጥሪ እየጠበቀ ሞተ። አንድ ሰው ግማሽ ቀን የቆጠረውን ንብረት እንደ አዲስ ቆጠረ። ምን እንዳለኝ አልጽፈውም።

መፍትሔው ወደ ጀርባ ሲኬድ ሳይሆን ገና ሲጻፍ ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሲሞላ ወዲያው ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ። ላይብረሪዎቹም ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ ኤስዲኤል አፑ ወደ ጀርባ ሊሄድ ሲል የሚልከው መልእክት አለ። ነገር ግን እሱን እንደ ሌላው መልእክት ተራ አስይዛችሁ ብታነቡት ወረፋው ሳይደርሰው አፑ ሊቆም ይችላል። ወዲያው በሚጠራ ፈንክሽን ነው መያዝ ያለበት። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ስልኩን ማዞር ብቻ ስክሪኑን ከነነፍሱ አፍርሶ ሊሠራው ይችላል። በመሞከር ጊዜ ስልኩን ደጋግማችሁ አዙሩት።

ፋይሎቼ የት ገቡ?

ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ አፕ የራሱ ክፍል አለው፤ የጎረቤቱን ክፍል አይከፍትም። አንድሮይድ ከ10ኛውና ከ11ኛው ቨርዥን ወዲህ ይሄን አጥብቆታል። ተጠቃሚው ከሌላ ቦታ ፋይል ሲመርጥ የሚሰጣችሁ የፋይሉ መንገድ ሳይሆን ፈቃድ ያለው አድራሻ ነው። የሲ ፋይል መክፈቻ ያንን አድራሻ አያውቀውም፤ በላይብረሪው በኩል መክፈት ወይም መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ ክፍል መገልበጥ ያስፈልጋል።

ትንሽ ነገር ግን ሰው የሚያሳብድ አንድ ልጨምር። በላቲን ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም ላይ ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም፤ ስልኮቹ ይለያሉ። ዴስክቶፕ ላይ የሚታየው ምስል ስልክ ላይ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ ይሄንን አጣሩ።

ከፕሮግራሙ ጋር ያሉት ሌሎች ላይብረሪዎችስ?

ሶርሳቸው ካለ አብዛኛው ይሻገራል። ኤስኪዩላይት የሚባለው ዳታቤዝ ምንም አያስቸግርም፤ ድሮውንም አንድሮይድና አይኦኤስ ውስጥ አለ። የሚያስፈራው ሶርስ የሌለው ዲኤልኤል (የዊንዶውስ ላይብረሪ ፋይል) ነው፤ በተለይ ለባርኮድ አንባቢ ወይም ለፕሪንተር የተሰጠ። አምራቹ የስልክ ቅጂ ካላወጣ ያ ክፍል አይሄድም። ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት አጣሩት፤ መጨረሻ ላይ ማወቅ ያማል።

አንድሮይድ ላይ ሁለት ግዴታዎች አሉ። ጉግል ፕሌይ ከነሐሴ 2019 ጀምሮ የሲና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ያለበት አፕ ባለ 64 ቢት ቅጂ እንዲኖረው ይጠይቃል። ከኅዳር 2025 ጀምሮ ደግሞ ለአንድሮይድ 15ና ከዚያ በላይ የሚወጣ አፕ ባለ 16 ኪሎባይት የሜሞሪ ገጽን (ሲስተሙ ሜሞሪን የሚያከፋፍልበትን ቁራጭ) መደገፍ አለበት። በድሮ መሣሪያ የተዘጋጀ ላይብረሪ በአዲሱ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል።

ለአይፎን ማክ የግድ ነው?

አዎ። የመጨረሻው ዝግጅት በኤክስኮድ ነው የሚሠራው፤ እሱ ደግሞ ማክ ላይ ብቻ ነው ያለው። ማክ የሌለው ሰው በኢንተርኔት የሚከራይ ማክ መጠቀም ይችላል። ለአፕል የገንቢ አባልነት በዓመት 99 ዶላር ይከፈላል፤ ለጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አትጀምሩ ባይ ነኝ። ተጠቃሚዎቻችሁ የሚበዙበትን አስቀድሙ።

ላይሰንሱን ማንበብ አለብኝ?

አለባችሁ። አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ። የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አይፎን ላይ ወጥቶ ነበር፤ ኮዱ ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል የሚያስገድደው የጂፒኤል ፈቃዱ ከአፕ ስቶር ሕግ ጋር አይሄድም ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ በጥር 2011 ከስቶሩ ወረደ። ፈቃዱን አስተካክለው የተመለሱት በ2013 ነው።

ኤስዲኤል የዝሊብ ፈቃድ ስላለው ለንግድም ነፃ ነው። ኤስኪዩላይት የማንም ያልሆነ የሕዝብ ንብረት ነው። ኪዩት በነፃ ሲወሰድ ባብዛኛው በኤልጂፒኤል ነው፤ ያ ማለት ተጠቃሚው ላይብረሪውን በሌላ ቅጂ የመተካት መብት ይኑረው ማለት ነው። ስልክ ላይ ይሄን ማሟላት ከዴስክቶፕ ይልቅ ይከብዳል። ኮዳችሁን ዘግታችሁ የምትሸጡ ከሆነ የንግድ ፈቃዱን ዋጋ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ይሄ ሁሉ ከሚሆን በፍለተር እንደ አዲስ ብጽፈውስ?

ፍለተር የጉግል የስክሪን መሥሪያ ነው፤ ቋንቋው ዳርት ነው። ጓዳው ትንሽ ከሆነ ጻፉት። ፕሮግራሙ ዳታ ከሰርቨር አምጥቶ የሚያሳይ ብቻ ከሆነ ፖርት የሚደረግ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለው ሳሎን ብቻ ነው። ነገር ግን ውስጡ ለ15 ዓመት ሲታረም የኖረ ስሌት ካለ፣ እሱን በዳርት እንደገና መጻፍ የታረሙትን ስህተቶች እንደገና መፍጠር ነው። በዚያን ጊዜ ጓዳውን በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ትታችሁ ስክሪኑን ብቻ በፍለተር መሥራት ትችላላችሁ። ፍለተር የሲ ፈንክሽን በቀጥታ ይጠራል።

ሦስተኛም መንገድ አለ። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ኢምስክሪፕተን በሚባል መሣሪያ ብራውዘር ወደሚያስኬደው ኮድ፣ ወደ ዌብአሰምብሊ፣ ተለውጦ ብራውዘር ውስጥ ይሄዳል። የንድፍ ፕሮግራሙ አውቶካድ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸ ኮዱን ወደ ዌብ ያመጣው በዚህ መንገድ ነው። ስቶር የለም፣ ማክ የለም። የስልኩን ብሉቱዝ ወይም ፋይሎች በሰፊው ለሚፈልግ ፕሮግራም ግን ብራውዘሩ ይጠብበታል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ለአለቃ ወይም ለደንበኛ ቁጥር ከመናገራችሁ በፊት አንድ ሙከራ ሥሩ። ጓዳውን ብቻ ያለ ምንም ስክሪን ለአንድሮይድ ኮምፓይል አድርጉና አንድ በተን ብቻ ካለው አፕ ውስጥ ጥሩት። አንድ ፋይል ያንብብ፣ አንድ ስሌት ይሥራ፣ ውጤቱን ይጻፍ። በእውነተኛ ስልክ ላይ ይሁን፤ ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስለው ኢሙሌተር በኮምፒውተሩ ጉልበት ስለሚሄድ ይዋሻል። የሚገኝ ከሆነ ርካሽና አሮጌ ስልክ ምረጡ።

ይሄ በአንድ ሳምንት ካለቀ ቀሪው ጊዜ የስክሪን ሥራ ነው፤ ስክሪኖቹን ቆጥራችሁ መገመት ትችላላችሁ። በአንድ ወር ካላለቀ ጓዳውና ሳሎኑ ገና አልተለያዩም። ወደ ዴስክቶፑ ተመለሱና እዚያ ለዩዋቸው።